የጥይት ሣጥኑ ንብ

አባቴን ኦጋዴን እንዳይሄድ አግጄ ያቆየሁት እኔ ነኝ ብዬ ከልቤ ያመንኩባቸው አሥራ ሰባት ቀናት ነበሩ። መሣሪያዬ የእናቴ የልብስ ሳሙና ነበር። አትሳቁ፤ ሰው በስምንት ዓመቱ እጁ የገባውን ይዞ ነው የሚዋጋው።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። የምንኖረው ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ወዲህ፣ ወታደር ከነቤተሰቡ የሰፈረበት መንደር ውስጥ ነበር። ከአንዱ ቤት ትግርኛ፣ ከአንዱ ወላይትኛ፣ ከሌላው የጎንደር ዘፈን ይሰማል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ግመል ይጮሃል። አባቴ ሃምሳ አለቃ ተክሉ ጎጃሜ ነው፤ ንብ ሲያልፍ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ጎጃሜ። እናቴ ስንቄ ወንድሜን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ዘመድ የሚባል ነገር በዚያ አገር አልነበረንም።

ግንቦት ላይ ዝናቡ አባርቶ ግራሩ ሁሉ ሲያብብ፣ ንብ መንጋ መንጋውን እየሆነ በሰፈራችን አናት ላይ ያልፍ ጀመር። አባቴ ድምፁን ሲሰማ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ይወጣና እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ «ሂድ! ሂድ እንግዲህ፣ ባለቤት የሌለህ!» እያለ ይቆጫል። አንድ ቀን ታዲያ «በቃ፣ ቤት እሠራለታለሁ» አለ።

ሠራም። አንዱን ቀፎ ከተጣለ የጥይት ሣጥን፣ አንዱን አፉ ከተቀደደ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከእናቴ የሽንኩርት ቅርጫት። ቅርጫቱን በእበትና በአመድ መረገው፤ የሣጥኑን ስንጥቅም እንዲሁ ደፈነና አውራ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ በጋለ ብረት በሳበት። ከዚያ ሰፈፍ፣ ማሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ያን የሰም ጭቅቅት፣ አቅልጦ ውስጥ ውስጡን ቀባ። ጠጅ ሳር አሽቶ ጨመረበት።

«ንብ ቤት የሚመርጠው በአፍንጫው ነው» አለኝ። «ሌላ ንብ የኖረበት ከመሰለው ዘው ነው።»

ሲጨርስ እጁን አራገፈና ወደ ኋላው ፈንጠር ብሎ ቆሞ አያቸው።

«አየሽ ስንቄ? አንድ ሳንቲም ያላወጣሁበት!»

«የሽንኩርት ቅርጫቴስ?» አለችው እናቴ።

ሦስቱንም እንደ አገሩ ልማድ ከጣራችን ክፈፍ ስር ደረደራቸው። ይህን ጊዜ ነው ኦቦ ሞሉ የመጡት። ኦቦ ሞሉ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከብት አላቸው፤ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎም፣ ጋጉራ የሚሉትን፣ በየግራሩ ላይ ይሰቅላሉ። የአባቴን ሥራ ሲያዩ ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አካም፣ ሃምሳ አለቃ? ናጋ?»

«ናጋ፣ ኦቦ ሞሉ። ምን ያስቅዎታል?»

«ካኒሳ፣ ንቡ፣ ዶሮ ነው እንዴ? ንብ ደጅ ላይ ይተኛል?»

«በእኛ አገር ንብ ከሰው ጋር ነው የሚኖረው።»

«በእኛ አገር ላይ ነው የሚኖረው፣ ላይ! ዛፍ ላይ ስቀል።»

«ግዴለም፣ ያዩታል!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር በዚህ ይነታረካሉ። እኔ የምር ጠብ መሰለኝ። ሲነታረኩ ቆይተው አንድ ጥላ ስር ተቀምጠው አብረው ትንባሆ እንደሚያጨሱ አያለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም።

አንድ ምሽት ራት ላይ ነን። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደው ቁርጡ ታወቀ?» አለችው።

«የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ኦጋዴን። ቤተሰብ ይዞ መሄድ የለም።»

«እኔስ? እንዲህ ሆኜ?»

አባቴ እጁን ከትሪው ሰበሰበ። «ኦቦ ሞሉን አነጋግሬያለሁ። ብቻ ይሄ ንብ ይግባልኝ። ንቡ ካልገባልኝ እንዴት ብዬ ነው ጥያችሁ የምሄደው?»

እኔ የሰማሁት ይቺን ነበር፤ በቂዬም ነበረች። ንብ ከገባ አባቴ ይሄዳል፤ ንብ ካልገባ አባቴ አይሄድም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ምን አለ?

አይ ልጅነት! የጦር ትእዛዝ የንብ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ማን ይንገረኝ። ነገሩ ወዲህ ነበር። በቦረና አንዱ ሰው ለሌላው የምትታለብ ላም ይሰጠዋል፤ ደባሬ ይሉታል። ላሟ የሰጪው እንደሆነች ትቀራለች፤ ወተቷ የተቀባዩ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች ተሳስረዋል፤ አንዱ ቤት ሲጎድል ሌላው ይጠየቅበታል። አባቴ ላም የለውም። ባዶ እጁን ሄዶ «ሚስትና ልጄን ጠብቁልኝ» ማለት ደግሞ ልመና ሆነበት፤ ኩራቱ እንቢ አለው። ስለዚህ ከኦቦ ሞሉ ጋር ተማክረው የላሟን ቦታ ለንብ ሰጡት። አባቴ የገባለትን ንብ ከነቀፎው ይሰጣል፣ ኦቦ ሞሉ ደግሞ እኛን ይረከባሉ። ንቡ ካልገባ አባቴ መሄዱ አይቀርም፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን በሰው አገር ለማንም አደራ ሳይል ነው የሚሄደው።

ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ጠላቴ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር። በማግስቱ ኦቦ ሞሉ መጥተው ግቢያችንን ዞሩ። የአጥሩን እንጨት በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ የውሃ በርሜሉን ከፍተው አዩ፤ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ገባኝ! አባቴ ሲሄድ ቤታችንን ሊወርሱ ነው። ለካ ምስኪኑ ሰውዬ የላላ አጥርና የሚያፈስ ጣራ ነበር የሚፈልጉት።

ዘመቻውን ያን ዕለት ጀመርኩ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የጥይት ሣጥኑን አወረድኩና ውስጡን በሳሙናና በቃጫ ፈገፈግኩት። ንብ ቤት የሚመርጠው በአፍንጫው ነው አልተባለም? እኔም አፍንጫውን ያዝኩት። እንጨቱ እስኪነጣ አጥቤ፣ በጸሐይ አድርቄ፣ በቦታው መለስኩት። ለዘይት ቆርቆሮው ከፋኖሱ ላምባ ቀነስኩለት። ለቅርጫቱ ደግሞ ከእናቴ ማሰሮ አንድ እፍኝ በርበሬ፤ እንዳይበዛ ብዬ ነው እንጂ ሁለት እፍኝም አስቤ ነበር።

ንብ መጣ እኮ! በጠዋት አምስት ስድስቱ ለቅኝት ይመጡና ቀዳዳው ላይ ያንዣብባሉ። አባቴ ትንፋሹን ይውጣል። እነሱ ግን ትንሽ ይዞሩና፣ እንደ ተሰደበ ሰው፣ ጥለውት ይሄዳሉ። እኔ በልቤ እልል እላለሁ። አባቴ ሰፈፍ ጨመረ፤ እኔ ሳሙና ጨመርኩ። እሱ ጠጅ ሳር ለወጠ፤ እኔ ላምባ ለወጥኩ። የሚገርመው ነገር፣ እናቴ ሳሙናው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው በእርግዝናዋ ምክንያት ዝንጉ ሆና መሰላት።

በዘጠነኛው ቀን አባቴ ግራ ሲገባው ቅርጫቱን አቅፎ አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ደቀነና በደንብ ማገው። በሕይወቴ እንደዚያ ያነጠሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰባት ጊዜ ነው። እናቴ «ይማርህ! ይማርህ!» ስትል ደከማት።

ዓይኑን እያሻሸ፣ «ይሄ ነገር በርበሬ በርበሬ ይለኛል» አለ።

«የምን በርበሬ ነው፣ ሽንኩርት ነበረበት እንጂ። ቅርጫቴን አትንካ ብዬህ ነበር።»

እኔ እንጀራዬን እያኘክሁ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

ቀኑ እየገፋ ሄደ፤ አባቴም አልሄደም። ሳሙናው እየሠራ ነው! ቀኑ ገና ስላልደረሰ እንደሆነ ማን አስቦት። ብቻ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። አባቴ መብላት ቀንሶ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ክፈፉ ስር ይሄድና፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ በባዶው ሣጥን ፊት ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ከኋላው ሄጄ እጁን ያዝኩት። እጄን ጭብጥ አደረገኝ እንጂ ዞሮ አላየኝም። «ይኸው ቀርተህልኝ የለ፣ ምን ያስተክዝሃል?» አልኩት በልቤ።

ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው ኦቦ ሞሉ መጡ። በዚያ ቀን አልሳቁም። ቆርቆሮውን አሸተቱ፤ ቅርጫቱን ከሩቁ አዩና ተዉት፤ የጥይት ሣጥኑን ግን አንስተው ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። እጄን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ኢንተላ» አሉኝ፣ ልጅት ማለታቸው ነው፤ «እጅሽ በጣም ንጹሕ ነው።»

አባቴ ከበሩ ላይ፣ «ምን አገኙ ኦቦ ሞሉ?» አለ።

እኔን እያዩ፣ «ምንም» አሉት። «ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ሣጥኑን ስጠኝ፣ ዛፍ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም። «እንዳሉ» ብሎ ገባ። እሱ እሺ ሲል ስሰማ ነው የፈራሁት።

ኦቦ ሞሉ ሣጥኑን በወይራ ጭስ አጠኑት፤ ከራሳቸው ሰፈፍ ቀቡት፤ ከቤታችን ጀርባ ካለው ግራር ላይ በጠፍር ሰቀሉት። ልወጣ ሞከርኩ። ግራር የሞከረ ያውቀዋል፤ እሾሁ ገና ከታች ነው የሚቀበላችሁ። ቀሚሴን ቀድጄ፣ ጉልበቴን አድምቼ፣ እናቴ ደግሞ በላዩ ገርፋኝ ተመለስኩ። ይሁን እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ንብ ዝር አላለም። ስታጠብ የኖረች እንጨት ናት፣ ጭስ አይመልሳትም ብዬ ተጽናናሁ።

በአራተኛው ጠዋት አባቴ በካናቴራው ሲጮህ ነው የነቃሁት።

«ገባ! ስንቄ፣ ገባልኝ! ኧረ ነይና እዪ፣ ገባልኝ!»

ስወጣ ሣጥኑ ቀዳዳ ላይ ንብ ይርመሰመሳል። አባቴ እናቴን ከነሆዷ አቅፎ ይዞራል፤ እሷ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩና እሪ አልኩ። ደስታ መስሏቸው ሳሙኝ።

ኦቦ ሞሉ ረፈድ ሲል መጡ። አንድ ዓይናቸው አብጦ ተደፍኗል።

«ምን ሆኑ?» አላቸው አባቴ።

«እሾህ ወጋኝ።»

እሰይ፣ እግዜር ሥራውን ሠራ አልኩ።

በማግስቱ ካሚዮኑ መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋ ጀመር። ወታደሩ ከነሻንጣው ተጭኗል። አባቴ ግን መጀመሪያ ግራሩ ስር ሄደ። የሣጥኑን ጠፍር ጫፍ በሁለት እጁ ያዘ። የኦቦ ሞሉ ሚስት አዴ ዲንኪቱ ለምርቃት እርጥብ ሣር ይዘው ቆመዋል።

«ኦቦ ሞሉ፣ ይሄ ንብ የእኔ ነው። ዛሬ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ። ድምፁ ወታደራዊ ነበር።

ኦቦ ሞሉ ጠፍሩን ተቀበሉ። «ተቀብያለሁ። ቤትህ ቤቴ ነው። ስንቄ ልጄ ናት።» ከዚያ በደህናው ዓይናቸው እኔን አዩኝ። «ይቺም ልጄ ናት፤ ዋቃ ይርዳኝ።»

ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። አባቴ ሻንጣውን ሲያነሳ ብቻ ትዝ ይለኛል። የነገሌ ልጅ ድንጋይ አይስትም፤ ሣጥኑን መሃሉን አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላትም አይስጥ! ንቡ ግር ብሎ ወጣ። የካሚዮኑ ሾፌር መስኮቱን ዘጋ፤ ወታደሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ። አዴ ዲንኪቱ እናቴን እየጎተቱ ቤት አስገቧት። እኔ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። አንድ ነጭ ነገር መጥቶ ሸፈነኝ፤ የኦቦ ሞሉ ጋቢ ነበር፤ እሳቸውም ከላይ ተኙብኝ። ከጋቢው በላይ ንቡ ሲጮህ፣ እሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። እርግማን መሰለኝ። አሁን ቋንቋውን አውቃለሁ፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አሁን ያልፋል» ነበር የሚሉኝ።

ንቡ ሲረጋ አንድ ዓይናቸው ብቻ ያበጠው ሽማግሌ ሁለተኛውንም አስደፍነው ተነሱ። አባቴ የላይ ከንፈሩን ተነድፎ «ደህና ሁኑ» ማለት እንኳ ተሳነው። ከካሚዮኑ ላይ ሆኖ እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። ጓደኞቹም እየሳቁ ይደበድቡታል። ኦጋዴን እንደዚያ እየሳቀ የሄደ ጦር ያለ አይመስለኝም።

አሥራ አራት ወር ቆየ። ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ አዴ ዲንኪቱ ወተት ይዘው በራችን ላይ ነበሩ። አጥሩ ታጠረ፤ ጣራው ተደፈነ። እናቴ ሁለት ቀን አምጣ ስትጨነቅ አዴ ዲንኪቱ ከጎኗ አልተነሱም፤ ኦቦ ሞሉ ደግሞ ሐኪም ፍለጋ የጦር ሰፈሩን በር በዱላቸው ደብድበው ዘበኛውን አስቆጥተዋል። ወንድሜ ክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን የሚያውቀው እሳቸው ባወጡለት ስም፣ ጂሎ ተብሎ ነው። እኔ ወተቱን እየጠጣሁ ጥቂት ወራት ጠላኋቸው። ከዚያ መጥላቱን ረሳሁት። አባቴም በደህና መጣ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኛ ጎጃም ከገባን ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ኦቦ ሞሉ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ልደርስ ነገሌ ሄድኩ። አዴ ዲንኪቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊቴን በእጃቸው ዳሰው ነው የለዩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ካልተናዘዝኩ አይወጣልኝም ብዬ የሳሙናውን ነገር ነገርኳቸው።

«ይሄን አሁን ነው የምትነግሪኝ?» ብለው ሳቁ። «ሞሉ ሣጥኑን ያሸተተ ቀን ቤት ገብቶ፣ ‹ንቡን ያባረረችው ያቺ ኢንተላ ናት፣ አባቷን ልታስቀር ነው› አለኝ። ሲነግረኝ አለቀሰ እኮ።»

«አውቀውብኝ ኖሯል! ንቡ ግን ገባ፤ ለከንቱ ነው የደከምኩት።»

«የቱ ንብ ገባ?» አሉኝ።

እጄን ይዘው ቀጠሉ።

«ሦስት ቀን ጠበቀ፤ ሳሙናሽ እንጨቱን አልለቀቀም። በሦስተኛው ማታ ከራሱ ጋጉራ፣ ከትልቁ፣ አውራውን ከነማር እንጀራው አውጥቶ ወደ አባትሽ ሣጥን አዞረው። ዓይኑን ያኔ ነው የነደፉት።»

የራሳቸውን ንብ! አባቴ «የእኔ ነው፣ ሰጥቻለሁ» ብሎ የሰጣቸው፣ እሳቸውም «ተቀብያለሁ» ያሉት የራሳቸውን ንብ ነበር። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«ታዲያ አዴ፣ ዝም ብለው ‹እጠብቃቸዋለሁ፣ ሂድ› ለምን አላሉትም?»

«ብሎት ነበር። አባትሽ እንቢ አለ፤ ሳልሰጥ አይሆንም አለ። ሞሉ ደግሞ ‹ይሄ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጦር ሜዳ ከገባ አይመለስም› አለኝ።»

ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ለአባቴ ልንገረው አልንገረው ስል ነበር። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ምን ያደርግለታል? አልነግረውም ብዬ ቆርጬ ገባሁ። አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጆቹ ከብበውት፣ ስንት ዓመት የተረካትን ያቺን ታሪክ ይዟል።

«በጠዋት ብወጣ» ይላል፣ «ንቡ ይገባል ይወጣል! ደግሞ እግሩ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክሞ!»

ስንት ጊዜ የሰማኋት ቃል ናት፤ ያን ቀን ግን ቆም አደረገችኝ። አዲስ የገባ ንብ መጀመሪያ የሰም እንጀራ መሥራት አለበት። ዱቄቱን የሚያኖርበት ቦታ ሳይኖረው፣ በገባ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ዱቄት ተሸክሞ አይገባም። ይሄን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው።

«አባዬ» አልኩት፣ «በመጀመሪያው ቀን ዱቄት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከየት እንደመጣሁ ያውቃል።

«አይሸከምም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታውቅ ነበር?»

«የንብ አገር ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል፣ ልጄ? ሰውዬው ዓይኑ አብጦ እሾህ ወጋኝ ይለኛል።» ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «የሰጠኝን መልሼ ሰጠሁት፤ እሱም ተቀበለኝ። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።»

ልጆቹ ታሪኩ ስለተቋረጠባቸው ይወዘውዙታል። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወደ እነሱ ዞረ። እንደ ወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እና ልጆች፣ ንቡ የማን ነበር?» አለ።

«የአንተ፣ አያያ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«አይደለም» አለ አባቴ። «የኦቦ ሞሉ ነበር።»